የጾም እፍኝ

አያቴ ዱቄት በምታስቀምጥበት ጓዳ ውስጥ፣ ከማድጋዎቹ በላይ በኩላብ ላይ የተንጠለጠለ አንድ አሮጌ ቅል ነበረ። ይህ ቅል ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ተሰቅሎ ይከርምና የዐቢይ ጾም ሰኞ በገባች ጊዜ ይወርዳል፤ ታጥቦ፣ በወይራ ጢስ ታጥኖ፣ ከሽሮው ማድጋ አጠገብ ይቀመጣል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ አያቴ ለቤተ ሰቡ የሚበቃውን ሽሮ በጣሳ ሰፍራ ወደ ምድጃው ከመሄዷ በፊት፣ ከሰፈረችው ላይ አንድ እፍኝ ታነሣና ወደ ቅሉ ትጨምራለች፤ በዚያች ጊዜ ከንፈሯ ጥቂት ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይሰማም። ዕድሜዬ ሰባት ዓመት ሞልቶ «እንግዲህ አንተም ጹም» በተባልኩበት ዓመት፣ ማድጋው እስከ አፉ ሙሉ መሆኑን አይቼ፣ «እማማ፣ ለምን ከማድጋው አትወስጂም?» ብዬ ጠየቅኋት። እርሷም እጇን በነጠላዋ ጫፍ እያራገፈች፣ «ከማድጋው ብወስድማ ሰጠች እባላለሁ እንጂ ጾመች አልባልም» አለችኝ።

ይህች ቃል ለብዙ ዘመን በልቡናዬ ተቀምጣ ከቆየች በኋላ ነው ፍቺዋ ቀስ በቀስ የተገለጸልኝ። ስለ ጾም በየዓመቱ ብዙ ይነገራል፤ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በስንት ሰዓት እህል እንደሚቀመስ፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሳይቀር፣ በየደጀ ሰላሙና በየቡናው ዙሪያ ሲነሣና ሲጣል ይከርማል። ከገበታው ላይ የቀረው ቁርስ ወዴት እንደ ሄደ፣ በቅቤና በሥጋ ይወጣ የነበረው ገንዘብ በማን እጅ እንደ ገባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አያቴ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ስትሆን የጾምን ምሥጢር የያዘችው በዚህ በኩል ነበር፤ ያልተበላው ምግብ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ጾመኛው አይደለም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ለምእመናን ሁሉ የታወጁት አጽዋማት ሰባት ናቸው፤ እነርሱም ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ጾመ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ነነዌ፣ ጾመ ገሃድ፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ጾመ ድኅነት ናቸው። ከእነዚህም ሌላ እንደ ጽጌ ጾም ያሉ፣ ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚጾማቸው የፈቃድ አጽዋማት አሉ። ሁሉ ተደምሮ ሲቈጠር ለሕዝብ የታዘዘው በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ለካህናትና ለመነኮሳት ደግሞ ወደ 250 ቀን ይደርሳል። የካቶሊክ ምእመናንም የየራሳቸው የጾም ወራት አሏቸው፤ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም «የጾም ጸሎት» ብለው ቀን ለይተው በአንድነት ይጾማሉ። እኔ ያደግሁበትንና የማውቀውን ይዤ ብናገር ይሻለኛልና በዐቢይ ጾም ላይ እቆያለሁ።

ዐቢይ ጾም፣ ሕዝቡ ሁዳዴ የሚለው፣ 8 ሳምንታትን የሚይዝ የ55 ቀን ጾም ነው። በሥራ ቀን እስከ 9 ሰዓት ወይም ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አይቀመስም፤ ቅዳሜና እሑድ ከሥጋ፣ ከወተትና ከዕንቁላል መከልከሉ ቢጸናም እስከ ቀትር መዋል የለም። በቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ ከበሮው ተሰቅሎ፣ ጸናጽሉ ተቀምጦ፣ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል፤ ያን የዜማ ጸጥታ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማ ሰው፣ ጾም ከሆድ በፊት በጆሮ እንደሚገባ ያውቃል። ሳምንታቱም በየእሑዳቸው ስም ይጠራሉ፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና።

ከእነዚህ ስሞች ዘወትር የሚይዘኝ አራተኛው ነው። መፃጉዕ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት ተኝቶ የኖረው ድውይ ነው፤ ጌታ ልትድን ትወዳለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ፣ የዚያ ምስኪን መልስ ስለ በሽታው አልነበረም፤ ውሃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ ሰው የለኝም የሚል ነበር እንጂ። በዚያ ሁሉ ዘመን በዚያ በኩል ወደ ቤተ መቅደስ ለጸሎት የወጡ፣ ጾመው የዋሉ፣ መሥዋዕት የነዱ ስንት ሰዎች በአጠገቡ አልፈው ይሆን? ቤተ ክርስቲያን ይህን ታሪክ በጾሙ ወራት፣ ሆዱ ባዶ በሆነ ምእመን ጆሮ እንዲነበብ ማድረጓ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የተራበ ሰው ሌላው ሰው እንደሚራብ በቶሎ ያምናልና።

የጾም የመጀመሪያ ጥቅም ይህ ነው ብዬ አስባለሁ። ሊቃውንቱ በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 እንዳስተማሩት የጾም ዓላማ ፈቃደ ሥጋ ለነፍሰ ነባቢት እንዲታዘዝ፣ ሰው የገዛ ሆዱ ጌታ እንዲሆን፣ በኃጢአቱም ንስሐ እንዲገባ ነው። ይህ እውነት ነው፤ በምግብ ላይ «ይቆየኝ» ማለት የለመደ ሰው በቍጣም ላይ፣ በዝሙትም ላይ፣ በገንዘብም ላይ ያንኑ ቃል ለመናገር ጕልበት ያገኛል። ነገር ግን ሰው በራሱ ላይ መሠልጠን ብቻ ቢሆን ሐሳቡ፣ ይህን ከክርስትና ውጭ ያሉ ፈላስፎችም አድርገውታል። የክርስቲያን ጾም ልዩነቱ በዙሪያው ባሉት ጎረቤቶቹ ይታወቃል። በማቴዎስ ወንጌል 6ኛ ምዕራፍ ጌታ ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን አከታትሎ ያስተምራል፤ ሦስቱም በስውር እንዲደረጉ ያዛል። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፃዊው ሊቅ በኢብን አል-አሳል በዓረብኛ ተሰናድቶ ኋላ ወደ ግእዝ በተመለሰው በፍትሐ ነገሥትም 14ኛው አንቀጽ ስለ ጸሎት፣ 15ኛው ስለ ጾም፣ 16ኛው ስለ ምጽዋት ነው። ጾም በሁለት ወንድሞቹ መካከል ተቀምጧል፤ በቀኙ ያለው ወደ እግዚአብሔር፣ በግራው ያለው ወደ ሰው ያያል። ከሁለቱ ለይቶ ብቻውን የያዘው ሰው በእጁ የቀረው ረኃብ ነው።

ስለ ጸሎት ጥቂት ልበል። ሥርዐቱ በቀንና በሌሊት ሰባት ጊዜ እንድንጸልይ ያዝዛል፤ በነግህ፣ በሠለስት፣ በቀትር፣ በተሰዓት፣ በሠርክ፣ በንዋምና በመንፈቀ ሌሊት። በገዳም ያሉ አባቶች ይህን ያደርሳሉ፤ በዓለም ያለው ምእመን ጧት ውዳሴ ማርያሙንና ዳዊቱን ደግሞ፣ ማታ ቤተ ሰቡን ሰብስቦ ቢጸልይ እንደ ታላቅ ነገር ይቈጠርለታል። አያቴ ማንበብ ስለማትችል በእጇ 41 ፍሬ ያላት መቁጠሪያ ነበረቻት። ሌሊት ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ ፊቷን ወደ ምሥራቅ መልሳ እየሰገደች «እግዚኦ» ትላለች፤ በየፍሬውም ላይ የአንድ ሰው ስም ታስገባለች። እኔ ከመደቡ ላይ ጋቢ ተከናንቤ ስሰማት፣ ስሞቹ በየሌሊቱ ተራቸውን ሳይስቱ ይመጡ ነበር፤ በጦርነት የሞተው ወንድሟ፣ ምጥ የያዛት የጎረቤት ልጅ፣ ዓይኑ የታመመው መሪጌታ፣ ከብቱ የሞተበት ገበሬ፣ ከዚያ በኋላ እኛ። ለራሷ ስትለምን አልሰማሁም፤ ምናልባት ድምፅ ሳታሰማ ለምና ይሆናል። ኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ ስለ ቃላት አገባብ ስማር አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ጌታ ያስተማረን ጸሎት «አባታችን» ብሎ ይጀምራል፣ እንጀራውንም ሲለምን «እንጀራችን» ይላል እንጂ «አባቴ»፣ «እንጀራዬ» የሚል ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የለበትም። ይህን ጸሎት ብቻውን በጓዳው የሚያደርስ ሰው እንኳ ለብዙዎች እንጀራ ይለምናል። ለሁሉ የለመነውን እንጀራ ለብቻው ዘግቶ የሚበላ ሰው እንግዲህ በነግህ የጸለየውን በቀትር ያፈርሳል።

የጥንት ክርስቲያኖች ይህን በሥራ ይኖሩት ነበር። በ1ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ወይም በ2ኛው መግቢያ በተጻፈው በትምህርተ ሐዋርያት፣ በግሪክ ዲዳኬ በሚባለው መጽሐፍ፣ ምእመናን ረቡዕና ዓርብ እንዲጾሙ ታዝዟል፤ ዛሬ በደጃችን ያለችው ጾመ ድኅነት ይህን ያህል ዕድሜ አላት። በ2ኛው መቶ ዓመት ደግሞ አርስጢዲስ የተባለ የአቴና ፈላስፋ ለሮም ንጉሠ ነገሥት በጻፈው የክርስቲያኖች መከላከያ እንደ መሰከረው፣ ከመካከላቸው ድሃ ቢኖርና ከዕለት ምግባቸው የተረፈ ባይኖራቸው፣ ለዚያ ድሃ የሚበቃው እስኪገኝ ሁለት ሦስት ቀን ይጾሙ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን አስተውል፤ እነዚህ ሰዎች ከትርፋቸው የሚሰጡ ባለጠጎች አልነበሩም። ጾማቸው ራሱ ጎተራቸው ነበረ።

ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀኝ መጽሐፈ ሄርማስ ነው። ይህ መጽሐፍ በ2ኛው መቶ ዓመት በሮም ከተማ በግሪክ ቋንቋ ተጽፎ፣ በጥንት ዘመን ወደ ግእዝ ተተረጐመ። የግሪኩ መጨረሻ ክፍል በጠፋበት ጊዜ የግእዙ ትርጕም በትግራይ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም በብራና ተጠብቆ ኖሮ፣ ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ አስገልብጦ ወስዶት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. በላይፕሲክ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለሄርማስ በእረኛ መልክ የተገለጠለት መልአክ የጾምን ሥርዐት ሲያስተምረው፣ በጾምህ ቀን ከእንጀራና ከውሃ በቀር አትቅመስ፣ ከዚያም በዚያ ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልተህ ለመበለት ወይም አባት ለሌለው ልጅ ወይም ለችግረኛ ስጥ፣ እርሱም ከጠገበ በኋላ ስለ አንተ ይጸልይልሃል የሚል ፍሬ ነገር ይነግረዋል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። አያቴ ሄርማስን አላወቀችም፤ ጉንዳ ጉንዶም የት እንዳለ አልሰማችም። የቅሏ ሥርዐት ግን ያው ነው፤ ሒሳቡ የሚወጣው በእፍኝ፣ የሚወሰደውም ለቤቱ ከተሰፈረው ላይ ነው። መጽሐፉ በገዳም ዕቃ ቤት ውስጥ ሳለ ትምህርቱ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጓዳ ወደ ጓዳ እየተላለፈ አሥራ ስምንት መቶ ዓመት ተጕዞ ይሆን ብዬ ባስብ የሚፈርድብኝ አይኖርም።

ከሊቃውንትም መካከል በስሙ ቅዳሴ ያለን ቅዱስ ባስልዮስ፣ በቀጰዶቅያ ቂሣርያ በ360ዎቹ መጨረሻ ድርቅና ረኃብ በጸና ጊዜ፣ ባለጠጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ እየገሠጸ፣ የተራቡትን ሰብስቦ በገዛ እጁ ወጥ እያደለ የመገበ ነው። ኋላም ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ከከተማው ውጭ ለድሆች፣ ለሕሙማንና በለምጽ ምክንያት ከሰው ለተለዩ ማረፊያ ሠራ። ትምህርቱም ሥራውን ይመስላል፤ በጎተራ የተዘጋው እህል የተራበው ሰው ንብረት እንደሆነ ያስተምራል፣ ከሥጋ ተከልክሎ ወንድሙን በሐሜት የሚቦጫጭቀውንም ጾመኛ ይገሥጻል። እንደ አያቴ ቋንቋ ብንናገር፣ ባስልዮስ ከማድጋውም ከተሰፈረውም የሚሰጥ ሰው ነበረ።

ነቢዩ ኢሳይያስ ደግሞ በ58ኛው ምዕራፍ የተናገረው ለዘመናችን የተጻፈ ይመስላል። ሕዝቡ ጾማችንን ለምን አላየህልንም ብለው እግዚአብሔርን በወቀሱት ጊዜ የመጣላቸው መልስ፣ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ የሚል ነበር። ይህን ሲያነቡ ቶሎ ማለፍ አይገባም። በእኛ ከተማ ስንት ቤት አለ፣ እመቤቲቱ እስከ 9 ሰዓት ጾማ፣ ቅዳሴ አስቀድሳ ስትመለስ ሰባት ዓይነት የጾም ወጥ ቀርቦ የሚጠብቃት፤ ያን ሁሉ ያሰናዳችው ልጅ ግን እርሷም ጾመኛ ሆና ከንጋት ጀምሮ በጢስ ውስጥ ቆማ የዋለች፣ ደመወዟም የሦስት ወር የተያዘባት? ስለ ምግቡም እውነቱን እንናገር። ሽሮው፣ ስልጆው፣ አዚፋው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ የተልባው ወጥ የተባረኩ ምግቦች ናቸው፤ እናቶቻችን በጥበብ ያገኟቸው ናቸውና ማንም አይነቅፋቸውም። ነገር ግን ጾሙ ከፍስኩ ይልቅ ወጪ የሚበዛበት፣ በየኬክ ቤቱ «የጾም» እየተባለ የሚሸጠው ጣፋጭ የሚፈለግበት ወራት ከሆነ፣ ለቅሉ የሚቀር እፍኝ ከየት ይመጣል? ይህን የምለው ለመፍረድ አይደለም፤ እኔም በዚያ ገበታ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁና ስለማዝን ነው።

በጾም ጕዳይ ደግሞ ራስን መጉዳት ጽድቅ አይደለም። ከጥንት ከሐዋርያት ቀኖና ጀምሮ በደዌ የደከመ ሰው ከጾም ግዴታ ነፃ ነው፤ የሕመምተኛና የነፍሰ ጡር ጕዳይም በንስሐ አባት ምክር ይፈጸማል። በሰፈራችን አንዲት አራስ ዓርብ ቀን አጥሚት እምቢ ባለች ጊዜ፣ አያቴ ገንፎዋን በቅቤ ለውሳ ይዛላት ሄዳ፣ «ልጅሽ ዓርብ መሆኑን አያውቅ፤ አንቺ ብትጾሚ የምትነፍጊው እርሱን ነው» ስትላት ሰምቻለሁ። የምትጾመው ለሰው ለመትረፍ ነውና፣ ሰውን የሚጎዳ ሲሆን አትቀበለውም ነበር።

በአማርኛችን ለማኝን «የኔ ቢጤ» የምንልበት ቃል አለን። ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ሳነጻጽረው እንዲህ ያለ ስም ለድሃ የሰጠ ብዙ ሕዝብ አላገኘሁም። በበሩ ቆሞ የሚለምነውን ሰው «የኔ ቢጤ» ብሎ የጠራ ሰው፣ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለውን ትእዛዝ በስም መልክ ተቀብሎታል፤ እኔ ማለት እርሱ፣ እርሱ ማለት እኔ ነው ብሏል። አኵፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየጮኸበት፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆመው የቆሎ ተማሪም ከዚሁ ወገን ነው። ዛሬ ቅኔ የሚዘርፈው፣ ድጓ የሚያስተምረው፣ ማኅሌት የሚመራው ሊቅ ሁሉ አንድ ጊዜ በአንዲት ሴት ቍራሽ እንጀራ ያደረ ልጅ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርቷን ያቆየችው በመንግሥት ርስት ብቻ ይመስለው የነበረ ሰው ካለ፣ ከየጓዳው የወጣውን ቍራሽ ይቍጠር።

ከእፍኙም የሚከብድ ነገር አለ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው ተረት የታወቀ ነው፤ የሚሳል ሌባ እንደሚያዝ ሁሉ ቂም የያዘ ጸሎተኛም በእግዚአብሔር ፊት ይጋለጣል። አያቴ ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር በአጥር ምክንያት ተጣልታ ከበጋ እስከ ክረምት፣ ከክረምት እስከ በጋ ሳይነጋገሩ ኖሩ። አጥሩ የተገፋው በክንድ ያህል ነበር፤ የተዘጋው ሆድ ግን ሰፊ ነበረ። በቅበላ እሑድ፣ ዶሮው ተበልቶ ዕቃው በዐመድ ሲፋቅ፣ የንስሐ አባቷ መጥተው ጥቂት ከተጨዋወቱ በኋላ፣ «ነገ የምትጾሚው ለማን ነው?» አሏት። መልስ አልሰጠችም። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ነጠላዋን አደግድጋ ስትወጣ አየኋትና በሩቁ ተከተልኳት። ከጎረቤቷ ደጅ ደርሳ አልገባችም፤ ከደፉ ላይ ቆማ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ከውስጥ ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ የምድጃ ብርሃን የመታው ፊት በበሩ ታየና፣ «እግዚአብሔር ለሁላችን ይቅር ይበለን፤ ግቢ እንጂ፣ ምን በደጅ ያቆምሻል?» የሚል ድምፅ ተሰማ። አጥሩ እንደ ተገፋ ቀረ። በዚያ ዓመት የጾሙ የመጀመሪያ ሰኞ እጇ ወደ ቅሉ ሲሄድ የፊቷን መልክ ዛሬም አልረሳውም።

የነነዌ ሰዎችም የተማሩት ይህን ነው። ንጉሣቸው ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ለብሶ፣ ሰውና ከብት ሦስት ቀን በጾሙ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ ዐዋጅ ተነግሮ ነበር፤ በትንቢተ ዮናስም እግዚአብሔር ያየው ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን እንደሆነ ተጽፏል። ስለ ማቁና ስለ ዐመዱ በዚያ ቍጥር ላይ ምንም አይጠቀስም።

የዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ደግሞ ጾመ ሕርቃል ይባላል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ614 ዓ.ም. ፋርሶች ኢየሩሳሌምን ይዘው የጌታን መስቀል በወሰዱ ጊዜ፣ የምሥራቅ ሮም ንጉሥ ሕርቃል ብዙ ዓመት ተዋግቶ በ630 ዓ.ም. መስቀሉን ወደ ኢየሩሳሌም መለሰ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚተረከው፣ ንጉሡ ነፍስ የገደለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንዲጾም የሚያዝዘውን ቀኖና ፈርቶ ለመዝመት ሲያመነታ፣ ምእመናን ይህን ጾም እኛ ተካፍለን እንጾምልሃለን አሉት። የጦርነቱን ነገር፣ የፈሰሰውንም የብዙ ሰው ደም ለታሪክ ጸሐፊዎች ትቼ፣ እኔ በዚህ ትውፊት ውስጥ የምይዘው አንዱን ነገር ነው፤ በዐቢይ ጾም ደጃፍ ላይ የቆመችው ሳምንት ስለ ሌላ ሰው የምትጾም ናት። ወደ ራሳችን ጾም የምንገባው የሌላውን ሸክም ተሸክመን ነው።

አሁን ወደ ቅሉ ልመለስ። ቅሉ በየሳምንቱ ይሞላ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያዳግት አያቴ ከነጠላዋ በታች ይዛው ትወጣና ባዶውን ይዛው ትመለሳለች። ወዴት እንደምትሄድ አይነገረንም። አንድ ዓመት ከመፃጉዕ እሑድ በፊት ባለችው ቅዳሜ ግን እግሯን አሞት ነበርና ጠራችኝ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለችውን ቤት ታውቃታለህ? ይህን ለእትዬ ስጣቸው። ማን ላከህ ቢሉህ ዝም በል» አለችኝ። ቅሉን በሁለት እጄ አቅፌ ሄድሁ። ሽሮው ገና የምጣድ ትኵሳት የለቀቀው አይመስልም ነበር፤ የኰረሪማውና የበሶብላው ሽታ እስከ አፍንጫዬ እየመጣ፣ ቀኑን ሙሉ የበላሁትን አስረሳኝ።

ቤቷ አንዲት ክፍል ነበረች። ሴትዮዋ በር ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር፤ በአጠገባቸው ሁለት ሕፃናት አንድ ሰሌን ላይ ተኝተዋል። ቅሉን ስሰጣቸው ማን እንደላከኝ አልጠየቁኝም። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት፤ ወደ ውስጥ ገብተው ሽሮውን በሸክላ ዕቃ ሲገለብጡ የቅሉን ቂጥ በእጃቸው መታ መታ ሲያደርጉ ተሰማኝ፣ ከዱቄቱ የቀረ እንዳይኖር። ከዚያ ወጥተው ወደ ግድግዳቸው ጥግ ጐንበስ አሉ፤ በዚያ አንዲት የጤና አዳም ቍጥቋጦ ነበረች። ሁለት ዘለላ ቀጥፈው ወደ ቅሉ ውስጥ ከተቱና፣ «ዕቃ ባዶውን አይመለስም፣ ልጄ» ብለው ሰጡኝ።

እየሮጥሁ ተመለስሁ። አያቴ ቡናውን አቅርባ ትጠብቅ ነበር። ቅሉን ተቀብላ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች፤ ጤና አዳሙን አውጥታ በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችው፣ ከዚያም አንዱን ዘለላ በራሷ ሲኒ ውስጥ፣ ሌላውን ቡና ልትጠጣ በመጣችው በዚያች በአጥሩ ባለቤት ሲኒ ውስጥ ጨመረችና ጀበናውን አነሣች።